ከዳታቤዙ የተቆረጠው አምድ

ተናዳጅ ነኝ፤ ከቤተሰብ የወረስኩት ነው። እናቴ ወጥ ሲያርርባት ድስቱን ትሳደብ ነበር። እኔ ኮምፒውተር እሳደባለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ረጋ ብዬ አይደለም። እየበገንኩ ነው፤ እስኪበርድልኝ ብጠብቅ ደግሞ ጭራሽ ሳልጽፈው እቀራለሁ።

የማስተምረው ወልድያ ነው፣ አርኪዮሎጂ። ባጃጅ ውስጥ «ምንድነው እሱ?» ብለው ሲጠይቁኝ «የጥንት ሰው የጣለውን ቆሻሻ መልቀም ነው» እላለሁ፤ ሾፌሩ ይስቃል፣ እኔም እገላገላለሁ። ዕድሜዬን የበላው ግን ማስተማሩ ሳይሆን ዳታቤዙ ነው። በሰሜን ወሎና በዙሪያው ከተቆፈሩ ቦታዎች ወጥተው ዕድሜያቸው በራዲዮካርበን የተለካ ከሰሎች፣ አጥንቶችና የተቃጠሉ የእህል ፍሬዎች አንድ ድረ ገጽ ላይ እንዲሰበሰቡ፣ ማንም ስልኩን ከፍቶ እንዲያያቸው ማድረግ። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ድካሙም የእኔ ነበር። ምስጋናውን ለማን እንደሰጡት ኋላ ላይ እመጣበታለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ፣ ዛፉም በሬውም፣ በሕይወት እስካለ ድረስ ካርበን ይወስዳል። ከካርበኑ መሐል አንዱ ዓይነት ቀስ እያለ የሚጠፋ ነው። ዛፉ ሲቆረጥ መውሰዱ ይቆማል፣ መጥፋቱ ግን ይቀጥላል። ስለዚህ የቀረውን የለካ ሰው ዛፉ ከተቆረጠ ምን ያህል ዘመን እንዳለፈ ያውቃል። መለኪያው ያለው ውጭ አገር ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። አንድ ቦታ ተቆፍሮ አንድ ከሰል ከተላከለት ዕድለኛ ነው። ላቦራቶሪው ዛፉ መቼ እንደሞተ ይነግርሃል፤ ከሰሉ እዚያ አፈር ውስጥ እንዴት እንደገባ ግን አይነግርህም። እሱን የሚያውቀው ሲቆፈር የነበረ ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሠንጠረዡን ስሠራ ከሁሉም ጫፍ ላይ «አስተያየት» የሚል ሰፊ አምድ ያስቀመጥኩት። ናሙናው እርጥብ እንደነበር፣ አይጥ የቆፈረው አፈር እንደነበር፣ የወሰደው ሰው እንደተጠራጠረ፣ ሁሉም እዚያ ይጻፋል።

ኔትወርክ በማይታመንበት ከተማ የኔትወርክ ሥራ መሥራት ምን እንደሚመስል የሠራው ያውቀዋል። ሲከፈት እንደ ሌባ ተጣድፌ አስገባለሁ፤ ሲዘጋ አቧራ የጠጡ ሪፖርቶች እያገላበጥኩ አነባለሁ። ጡረታ የወጡ ሰዎች ቤት ሄጄ «ይሄን ከሰል ከየት ነበር ያወጣችሁት?» ብዬ ለምኛለሁ። አንዳንዱ ያስታውሳል፣ አንዳንዱ ጭራሽ መቆፈሩንም ረስቶታል። ያስታወሱትን ሁሉ አስተያየት ውስጥ ከተትኩ። ያ አምድ ለእኔ የሥራው ልብ ነበር።

አሁን ወደ ጉብታው ልምጣ።

ከግራና ከተማ ወጣ ብሎ የእናቴ ወንድም የሚኖሩበት መንደር አለ። አጎቴ የተወለዱት፣ ያገቡት፣ ልጆቻቸውን የዳሩት እዚያው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ከግቢው ራስጌ ጉብታ አለ። ዝናብ ሲያጥበው የገል ስብርባሪ ይወጣል፤ አናቱ ላይ የማንም ያልሆነ የድንጋይ ግንብ መሠረት ይታያል። ከጥንትም መንደር እንደነበረበት ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኛል፤ ይህን ሙያ የመረጥኩትም በዚያ ጉብታ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መንደሩ ለዱዓ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ወይ በሽታ ሲገባ ሰንጋ ይታረዳል፤ እዚያው ተቀቅሎ ለሰደቃ ይበላል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እንጨቱን ይሸከማሉ፣ ዱዓው ሲደረግ «አሚን» ይላሉ። ታዲያ በእኛ መንደር የሰደቃው አጥንት ለውሻ አይጣልም። የእሳቱ ከሰልም እንደ ቤት አመድ መንገድ ላይ አይደፋም፣ እግር ይረግጠዋላ። ጉድጓድ ተቆፍሮ አጥንቱም ከሰሉም አንድ ላይ ይቀበራል። ጎረምሶቹ ጅብ እንዳያወጣው አጥልቀው ነው የሚቆፍሩት። እናቴ እዚያ ጉብታ ላይ አዝላኝ ወጥታለች፤ ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅሁት።

ጉብታውን እንቆፍር ሲባል ፈቃድ የለመንኩት እኔ ነኝ። አጎቴ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው «ልጃችን ናት፣ ክፉ አታመጣብንም» ብለው አስፈቀዱልኝ። ቁፋሮውን የመራው የዳታቤዙ ፕሮጀክት አስተባባሪ ነበር። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታው ከብዕሬ አልወጣ ብሎኛል።

አንድ ቀን ከጉድጓዱ ግድግዳ ሥር ጎላ ጎላ ያለ ከሰል ብቅ አለ። ከሰሉ መሐል የበሬ አጥንት ነበር፣ ዙሪያው ደግሞ ከሌላው አፈር የተለየ ልል አፈር። አንዴ አይቼ አወቅሁት።

«ዶክተር፣ ይሄ እኮ የዱዓ ጉድጓድ ነው» አልኩት። «ከላይ ተቆፍሮ የወረደ ነው። ከሥሩ ያለውን ጥቁር አፈር እናጥራና ከእሱ እንውሰድ።»

«የሥሩ ብናኝ ነው፣ ለመልቀም ሳምንት ይፈጃል» አለኝ። «ይሄ ንጹሕ ከሰል ነው።»

«ንጹሕነቱ አይደለም ቁም ነገሩ...»

«አንቺ የአካባቢው ልጅ ስለሆንሽ ሁሉም ነገር ዱዓ ይመስልሻል» አለና ሳቀ። አብረውት ያሉትም ሳቁ። ከሰሉ በፎይል ተጠቅልሎ ሄደ።

ያቺን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የሌላ አገር ሰው መጥቶ «ይሄ የአምልኮ ጉድጓድ ነው» ቢለው ጽፎ፣ ፎቶ አንስቶ፣ በስብሰባ ላይ ያቀርበው ነበር። እኔ ስለው ግን ያገር ቤት ወሬ ሆነ።

ውጤቱ መጣ። ከሰሉ የቅርብ ጊዜ ነው፤ ከአያቶቻችን ዘመን አያልፍም። ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን! የአያቶቻችን ሰደቃ ነዋ! አስተባባሪው ሪፖርቱ ላይ እንዳለ አሰፈረው፤ የጉብታው ስም፣ ከሰል፣ የቅርብ ጊዜ። እኔም ወደ ዳታቤዙ ሳስገባው የላቦራቶሪውን ቁጥር አልነካሁም፤ ቁጥሩ ውሸት አይደለም። አስተያየት አምድ ውስጥ ግን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ከሰሉ የወጣው በኋላ ዘመን ከተቆፈረ የዱዓ ጉድጓድ ነው። የጥንቱን መንደር ዕድሜ አያሳይም። ከሥሩ ካለው ጥቁር አፈር እንደገና ይለካ።»

ድረ ገጹ ሊመረቅ ሲቃረብ አስተባባሪው ስልኩን ይዞ ቢሮዬ መጣ። ፊቱ ተኮሳትሯል።

«ይሄ መጨረሻ ላይ ያለው ነገር ገጹን ያበላሸዋል» አለኝ። «ስልክ ላይ አይገባም። ደግሞ አንብቢው እስቲ፤ ያጠራጥራል፣ አልተረጋገጠም፣ እንደገና ይለካ። እንግዳ መጥቶ ቢያየው የሠራነው ሁሉ ጥርጣሬ ነው አይልም?»

«ጥርጣሬው እውነት ነው፣ ዶክተር። ያለሱ ቁጥሩ ሰው ያሳስታል።»

«ከጀርባ ይቀመጣል፤ አልጠፋም። ለሕዝብ አይታይም፣ በቃ። ከምረቃው በኋላ እንመልሰዋለን።»

ጮህኩ። በሩ ተከፍቶ ሰው እስኪያየን ጮህኩ። አምዱ ግን ተቆረጠ፤ እኔም «ስሜታዊ ናት» ተባልኩ። በአማርኛ ሴት ከሆንሽና እውነት ከተናገርሽ ይቺ ቃል ትጠብቅሻለች።

ምረቃው ላይ ለዳታቤዝ ሪባን ሲቆረጥ አየሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ስክሪን ፊት ሪባን ተወጥሮ በመቀስ ተቆረጠ። ኬክ ነበር፤ ኬኩ ላይ የድረ ገጹ አድራሻ በክሬም ተጽፎ ነበር። አስተባባሪው «ይህን ሐሳብ ከጠነሰስኩበት ጊዜ ጀምሮ» ብሎ ንግግር አደረገ። የእኔ ስም ገጹ ግርጌ ላይ «መረጃ አሰባሳቢ» በሚል ሰፈረ። ከኬኩ አልበላሁም። «በኋላ እንመልሰዋለን» የተባለው አምድ ደግሞ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። በጠየቅሁ ቁጥር «ኮሚቴው ይየው» ይሉኛል፤ ኮሚቴው አይሰበሰብም።

ከዚያ አጎቴ ደወሉ። እሳቸው እንዲሁ የሚደውሉ ሰው አይደሉም።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ደኅና ነሽ? ሥራ እንዴት ነው?» ሰላምታው ረዘመ። «እንዲያው ልጠይቅሽ ብየ ነው። ጉብታውን ለክሬሸር ሊሰጡት ነው። ድንጋዩን ፈጭተው ለመንገድ ሊያውሉት። ሥሩ ያለነውን ደግሞ ተነሱ ሊሉን ነው።»

«እንዴት! ቅርስ ነው እኮ! ወረዳው አያውቅም?»

«ሄድን፣ ነገርናቸው። የጥንት ነው፣ አባቶቻችን ያገኙት ነው አልናቸው። አይ አሉን፣ ተለክቷል፣ አሮጌ አይደለም አሉን።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኢንተርኔት ላይ ያለው ነው አሉን። አሳይተውናል። ስምሽ አለበት ልጄ።»

ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። «ውሸት ነው አጎቴ» ብያለሁ መሰለኝ። እሳቸውም «እሽ፣ አላህ ያውቃል» ብለው ዘጉ። «እሽ» ማለታቸው ነው የገደለኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በልጃቸው እጅ ከቤታቸው ሊነቀሉ እንደሆነ አምነው፣ ሊወቅሱኝ እንኳ አፍረው ነው የዘጉት።

በማግሥቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ መርሳ ወረድኩ። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ያለው የቅርስ ባለሙያ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ጉዳዩን ስነግረው ስልኩን አውጥቶ ገጹን ከፈተልኝ።

«እኅቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ቅርስ ነው ብሎ ለማስከበር ዕድሜ ያስፈልጋል። ይኸው፤ ጉብታ፣ ከሰል፣ የቅርብ ጊዜ። የራሳችሁ ድረ ገጽ ነው።»

«ከሰሉ ከዱዓ ጉድጓድ ነው የወጣው። አስተያየቱ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«የቱ ጋ?» ጣቱን በስክሪኑ ላይ ወደ ቀኝ ገፋው፣ ወደ ግራ ገፋው። «ካለ አሳይኝ፤ አሁኑኑ የክሬሸሩን የፈቃድ ደብዳቤ አስቆመዋለሁ።»

ላሳየው አልቻልኩም። እዚያ አለ፤ ከጀርባ ተቀምጧል። እኔ የጻፍኩት፣ የእኔ ቃል፣ ጣት ከስክሪኑ እንደሚርቀው ያህል ርቆ ተቀምጧል፤ ማንም አያየውም። አስተባባሪው ጋ ደወልኩ። «ስብሰባ ላይ ነኝ» አለኝ። ደግሜ ደወልኩ። «በደብዳቤ ጠይቂ፣ ኮሚቴው ሲሰበሰብ እናየዋለን፤ ለአንድ ጉብታ ሲባል ገጹ አይቀየርም» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ለአንድ ጉብታ ሲባል!

ወጥቼ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ገባሁ። ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ በስልኬ ኔት አገናኘሁት። የይለፍ ቃሉ ገና በእጄ ነበር። አምዱን መመለስ አልችልም፣ ያንን ቆልፈውታል። ግን የቦታው ስም የሚጻፍበት አምድ አለ፤ ያንን ማንም ሊቆርጠው አይችልም። ከጉብታው ስም ቀጥሎ እዚያው ስሙ ውስጥ ጻፍኩት፤ ከሰሉ የዱዓ ጉድጓድ ነው፣ የመንደሩ ዕድሜ አይደለም፣ እንደገና ይለካ። ኔቱ ሁለቴ ተቋርጦብኝ ሁለቴ ጻፍኩት። ሲከፈት ስሙ የስልኩን ገጽ ግማሽ ይዞ ቁጭ አለ። በዚያ ሁሉ ንዴት መሐል ብቻዬን ሳቅሁ፣ ሻይ ያመጣችው ልጅ እስክታፈጥብኝ ድረስ።

ተመልሼ ለባለሙያው አሳየሁት። አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«አሁን ነው የጻፍሽው?»

«አዎ፣ አሁን።»

«ታዲያ ይሄ...» ብሎ አንገቱን አሸ። «እኔስ አምንሻለሁ። አለቃዬ ግን አያምነኝም። ከተቋማችሁ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጪልኝ።»

ወልድያ ሳልደርስ አስተባባሪው አይቶታል። የይለፍ ቃሌ ተዘጋ፤ ጽሑፌ ተነሣ፤ «የገጹን ክብር የሚነካ ድርጊት» በሚል ማብራሪያ እንድሰጥ ተጠየቅሁ። ደብዳቤውን ለማግኘት ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። አንዱ «የሚፈርመው ሰው የለም» ይላል፣ አንዱ «እንዴት በአንቺ ቃል ብቻ?» ይላል። በእኔ ቃል ብቻ! ያንን ዳታቤዝ ከላይ እስከ ታች በእኔ ቃል አይደለም እንዴ የሞሉት? ለምረቃው ስትሆን ቃሌ መረጃ ናት፤ ለአጎቴ ቤት ስትሆን የአንዲት ሴት ስሜት ናት። አስተባባሪውን ኮሪደር ላይ አግኝቼ ይህንኑ ነገርኩት። «ተረጋጊ» አለኝ። ይህን ቃል ከምሰማ ጥፊ ብቀምስ እመርጣለሁ።

አጎቴ እንደገና ሲደውሉ ሰላምታው አጭር ነበር። «ነይ ልጄ፣ ጀምረውታል» ብቻ አሉኝ።

ስደርስ ዶዘሩ የጉብታውን አናት ልጦ፣ ጎኑንም ቆርጦ ወደ ገደሉ አፍስሶት ነበር። ለምሳ ቆሟል። ሾፌሩ ጥላ ሥር እንጀራውን ይበላል። የተቆረጠው ፊት እንደ ዳቦ ተገምሶ ቆሟል፣ ከላይ እስከ ታች ይታያል። የተቀበረ የድንጋይ ግንብ፣ ከሥሩ ቀይ የተቃጠለ አፈር፣ ከሥሩ ጥቁር መስመር፣ ከዚያም ሥር ሌላ ጥቁር መስመር፣ መሐሉ ላይ የገል ስብርባሪ እንደተነጠፈ። እነዚያ ጥቁር መስመሮች ምድጃዎች ናቸው። አንዱ በአንዱ ላይ የኖረ መንደር ነው፣ ማን ያውቃል የስንት ትውልድ። በሕይወቴ እንዲህ ያማረ የተቆረጠ አፈር አይቼ አላውቅም። አለቀስኩ፤ ከኀዘን ይልቅ ከንዴት ነው።

የወረዳው ባለሙያም መጥቷል። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል።

«ውይ፣ ይሄማ የጥንት ነው!» አለ። ከልቡ አዝኗል። «እንደዚህ መሆኑን ብናውቅ ኖሮ... አሁንም ናሙና ውሰጂበትና ዳታቤዙ ውስጥ ይግባ።»

«ነግሬሃለሁ!» አልኩት። «ቢሮህ ድረስ መጥቼ ነግሬሃለሁ!» ዶዘረኛው እንጀራውን ይዞ እስኪቆም ጮህኩ። ባለሙያው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

አጎቴ ያን ጊዜ ነው ከግቢያቸው የወጡት። ከጀርባቸው ቤታቸው ጣሪያው ተነሥቶ ቆርቆሮው ተደርድሯል፤ ተነሱ የተባለውን ጀምረዋል። ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል። አቀፉኝ፣ አልወቀሱኝም። «አጎቴ፣ እኔ አሮጌ አይደለም አላልኩም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። የዱዓው ጉድጓድ መሆኑን እዚያው አይተሽ ነግረሻቸው የለ? በይ አሁን ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ።

ከታችኛው ጥቁር መስመር በቢላዋ ጫፍ ከሰል ፈልፍዬ አወጣሁ። ብናኝ አልነበረም፤ ደኅና ደኅና ከሰል ነበር። በፎይል ጠቀለልኩት፣ የጉብታውን ስም ጻፍኩበት። ቀጥሎ የሚጻፈው ከሰሉ ከጉብታው አናት ምን ያህል ወደ ታች እንደተገኘ ነው፤ ያለሱ ላቦራቶሪው የሚሰጠኝ ቁጥር ልክ እንደዚያኛው ቁጥር ሰው ያሳስታል። ሜትሩን ከቦርሳዬ አወጣሁና አንዱን ጫፍ ጥቁሩ መስመር ላይ ያዝኩ። አጎቴ ሌላውን ጫፍ ተቀብለውኝ፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቀና አሉና፣

«የት ላይ ልያዝልሽ?» አሉኝ።

የሚይዙበት ቦታ አልነበረም።